ከመቅኔ ንቅለ ተከላ በኋላ ምን እናብላው?

በዚህ እትም ያሰባሰብናቸው ደብዳቤዎች ሁሉ ስለ አንድ ሕክምና የሚጠይቁ ናቸው፦ የመቅኔ ወይም የስቴም ሴል ንቅለ ተከላ። ሕክምናው በአጭሩ እንዲህ ነው። ከባድ ኬሞ የታመመውን መቅኔ ያጠፋል። ከዚያ አስቀድሞ ከራሱ ከታማሚው የተሰበሰበ ወይም ከለጋሽ የተወሰደ ስቴም ሴል እንደ ደም በደም ሥር ይሰጠዋል። ሕዋሱ መቅኔው ውስጥ ሰፍሮ ሥራ እስኪጀምር ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይፈጃል። በእነዚህ ሳምንታት ታማሚው ተህዋስን የሚከላከልበት ነጭ የደም ሕዋስ የለውም ማለት ይቻላል። ኬሞው ደግሞ አፉንና አንጀቱን አቁስሎታል።

አደጋው ስለዚህ ሁለት ነው፦ ከምግብ ጋር የሚገባ ተህዋስና ረሃብ። ጠያቂዎቻችን ከሞላ ጎደል ሁሉም የሚፈሩት የመጀመሪያውን ነው። እኛን ግን ሁለተኛውም እኩል ያሳስበናል። ቤተሰብ ተህዋስ ፈርቶ ይህን አትብላ፣ ያንን አትንካ ሲል ሰውየው አጥንቱ ይቀራል። ከታች የምንሰጣቸው መጠኖች አጠቃላይ ናቸው፤ የታከማችሁበት ማዕከል ሌላ ካዘዘ የእርሱን ያዙ።

«ባለቤቴ 58 ዓመቱ ነው፤ 60 ኪሎ ይመዝናል። ማልቲፕል ማይሎማ የተባለ የመቅኔ ካንሰር ተገኝቶበት ከራሱ የሚሰበሰብ ስቴም ሴል ሊሰጠው ወደ ሕንድ ልንሄድ ነው። ሆስፒታሉ አጠገብ ኩሽና ያለው ክፍል ይዘናል፤ የማበስለው እኔ ነኝ። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ድርቆሽና ቋንጣ ልያዝ? እንጀራስ ይበላል?» — ከአዲስ አበባ

ሽሮውንና በርበሬውን ይያዙ። ድርቆሹንና ቋንጣውን እዚሁ ይተዉዋቸው። ቋንጣ የደረቀ እንጂ የበሰለ ሥጋ አይደለም። ድርቆሽም ተዘርግቶ ሲደርቅ አቧራና ሻጋታ ይይዛል፤ ጤነኛ ሰው ላይ ምንም የማያደርግ ሻጋታ ነጭ የደም ሕዋስ የሌለው ሰው ሳንባ ውስጥ ሊበቅል ይችላል።

በርበሬው በደንብ የደረቀ፣ ምንም የሻጋታ ሽታ የሌለው መሆኑን አረጋግጠው በትንንሽ ከረጢት አየር ሳያስገቡ ያሽጉት። አንዱን ከፍተው ሳይጨርሱ ሌላውን አይንኩ። ሕንድ በዝናብ ወራት አየሯ እርጥብ ስለሆነ ተከፍቶ የከረመ ቅመም ቶሎ ይሻግታል። ማብሰል ሻጋታውን ቢገድልም ሻጋታው ቀድሞ የተወውን አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ አያጠፋውም፤ የተጠረጠረ በርበሬ «ይፈላል» ተብሎ አይታለፍም። ዋናው ደንብ ግን ይህ ነው፦ ቅመም ሁሉ ከወጡ ጋር ይፍላ። መከለሻውን ድስቱ ሊወርድ ሲል ጣል ማድረግ የለመደ እጅ አለ፤ ለእርሳቸው ሲሠሩ ከመውረዱ 10 ደቂቃ በፊት ያስገቡት። ሚጥሚጣ ከላይ መነስነስ፣ አዋዜ፣ ዳጣና ሰናፍጭ ለጊዜው ይቅሩ።

እንጀራ ይበላል። ሊጡ ውስጥ ያለው እርሾ ምጣዱ ላይ በእንፋሎት ሲበስል ይሞታል። ጣጣው የሚመጣው ከተጋገረ በኋላ ነው። እንጀራ እርጥብና ሞቃት ሆኖ ተደራርቦ ሲቀመጥ በ3 ወይም በ4 ቀን ይሻግታል፤ ሻጋታው ለዓይን ከመታየቱ በፊትም አለ። በተጋገረበት ቀን ይበሉት። የቀረው ሲበርድ በንጹሕ ላስቲክ አንድ አንዱ ተለይቶ ፍሪዘር ይግባ፣ ሲፈለግ እስኪጨስ ይሙቅ። አንዲት ነጥብ ሻጋታ ከታየ ቆርጦ መጣል አይበቃም፤ እንጀራው እንዳለ ይጣል።

ስለ ፍራፍሬና አትክልት ሐኪሞችም አንድ ቃል የላቸውም። ድሮ ማዕከላት ጥሬውን ሁሉ ይከለክሉ ነበር። በጣሊያን በ222 የንቅለ ተከላ ታማሚዎች ላይ ተደርጎ በ2023 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ግን በደንብ ታጥቦ ፍራፍሬና አትክልት የተፈቀደላቸው ከተከለከሉት ይበልጥ በኢንፌክሽን እንዳልተጠቁ አሳይቷል። ይህን ያልተቀበሉ ማዕከላት አሁንም አሉ። በሁለቱም ወገን ብዙ የማያከራክረው ልጣጩ ወፍራም የሆነው ነው፦ ሙዝና ብርቱካን መጀመሪያ ታጥበው፣ ቀጥሎ ተልጠው። ሳይታጠብ ከተላጠ ቢላዋው የልጣጩን ቆሻሻ ወደ ውስጥ ይዞት ይገባል። ሰላጣ፣ ጥሬ ቲማቲምና ጎመን ይቆዩ።

ውሃ የታሸገ ወይም የፈላ ይሁን። ቆላ ላይ 1 ደቂቃ መንተክተክ ይበቃዋል። ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ግን 3 ደቂቃ ያስፈልጋል፤ አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ስለሆነ ስትመለሱ ይህን አስታውሱ። ውሃ አጋርን የመሰለ ክሎሪን ብዙ ባክቴሪያ ቢገድልም ክሪፕቶስፖሪዲየም የሚባለውን ተህዋስ ስለማይገድል ለእርሳቸው ብቻውን አይበቃም።

መጠኑ? በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት ከ30 እስከ 35 ካሎሪ፣ ከ1.2 እስከ 1.5 ግራም ፕሮቲን። ለ60 ኪሎ ሰው ከ1,800 እስከ 2,100 ካሎሪ፣ ከ72 እስከ 90 ግራም ፕሮቲን ይሆናል። 2 እንቁላል 12 ግራም፣ 100 ግራም የበሰለ ዶሮ ወደ 28፣ 2 ኩባያ ወተት 16፣ 1 ኩባያ የበሰለ ምስር 18 ግራም ይይዛሉ። ሲደመር 74 ነው፤ የቀረውን እንጀራውና ዳቦው ይሞሉታል። በሦስት ማዕድ አይሆንም። በየ2 ሰዓቱ ጥቂት ጥቂት ሲሆን ይሳካል።

አንድ ነገር ደግሞ ሳይሄዱ ይወቁ። ለማይሎማ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው ኬሞ ሜልፋላን ነው። መድኃኒቱ ሊጀመር 5 ወይም 10 ደቂቃ ሲቀረው የተፈጨ በረዶ አፍ ውስጥ መያዝ፣ መድኃኒቱ እስኪያልቅ መቀጠል፣ ካለቀም በኋላ ቢያንስ 30 ደቂቃ መጨመር የአፍ ቁስልን በእጅጉ ይቀንሳል። ብርዱ የአፍን ደም ሥሮች ሲያጠብ መድኃኒቱ እዚያ የሚደርሰው በጥቂቱ ነው፤ ሜልፋላን ደግሞ ከደም ውስጥ ቶሎ ይጠፋል። ነርሶቹ ባያነሱት እርስዎ ይጠይቁ። በረዶው የሚሠራው ከሚጠጣው ንጹሕ ውሃ ይሁን።

«ልጄ 19 ዓመቷ ነው፤ በሚቀጥለው ወር ከወንድሟ በሚወሰድ ስቴም ሴል ንቅለ ተከላ ይደረግላታል። ሐኪሙ አፏ ስለሚቆስል በአፍንጫ ቱቦ መመገብ ሊያስፈልግ ይችላል አለን። ቱቦ ሲባል ልቤ ይርዳል፤ ሞት አፋፍ ላይ ላለ ሰው የሚገባ ነው የሚመስለኝ። ግሉኮስ ቢሰጧት አይበቃም?» — ከባሕር ዳር

እናታችን፣ ከግሉኮሱ እንጀምር፤ ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የተለመደው 5 ፐርሰንት ግሉኮስ በ1 ሊትር ውስጥ 50 ግራም ስኳር ብቻ አለው፤ ከ200 ካሎሪ አያልፍም። 3 ሊትር ቢሰጣት እንኳ 600 አይሞላም። ልጅዎ 50 ኪሎ ብትሆን የሚያስፈልጋት ቢያንስ 1,500 ነው። ፕሮቲንማ ጭራሹን የለውም። ግሉኮስ ውሃ ጥም እንጂ ረሃብ አያስታግስም፤ በእርሱ ብቻ 10 ቀን የከረመ ሰው ጡንቻውን እየበላ ነው።

ቱቦው ቀጭንና ለስላሳ ነው። በአፍንጫ ገብቶ ቁስሉን አልፎ ጨጓራ ይደርሳል። የሚገባው ለሞት የቀረበ ሰው ላይ ሳይሆን ከዚያ ሳምንት በኋላ ተነስታ እንድትሄድ ለሚፈለግ ሰው ነው። ጥቅሙ ከካሎሪ በላይ ነው፦ የአንጀት ግድግዳ ከሚያልፍበት ምግብ ራሱን ይመግባል። ባዶ ሲከርም ይሳሳል፤ ሲሳሳ ደግሞ አንጀት ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ወደ ደም የሚገቡበት ቀዳዳ ያገኛሉ። በዚህ ምክንያት ነው ሐኪሞች አንጀት እየሠራ ከሆነ ቱቦን በደም ሥር ከሚሰጥ ሙሉ ምግብ የሚያስቀድሙት። የደም ሥሩ ምግብ የሚመረጠው ትውከቱ አልቆም ሲል፣ አንጀቱ መንቀሳቀስ ሲያቆም ወይም ክፉኛ ሲጎዳ ነው። ያን ጊዜ ሕይወት አዳኝ ቢሆንም የመስመር ኢንፌክሽን፣ የስኳር መጨመርና የጉበት መጎዳት ይከተሉታል።

ቱቦ ከተስማማችሁ ቁስሉ ሳይብስ ቢገባ ይሻላል። የአፍ ቁስል በአብዛኛው ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ነው የሚከፋው። በዚያን ጊዜ ፕሌትሌት የተባለው ደም የሚያረጋ ሕዋስም ስለሚወርድ አፍንጫ ሊደማ ይችላል። ብዙ ጊዜ በሰዓት 20 ሚሊ ሊትር ተጀምሮ ቀስ ብሎ ይጨመራል። የምናያቸው ስህተቶች ጥቂት ናቸው፤ ግን ይደጋገማሉ። አንደኛው፣ ስታስታውክ ቱቦው ከቦታው ወጥቶ ሳይመረመር ምግብ መቀጠል ነው፤ ምግቡ ሳንባ ሊገባ ይችላል። ነርሷ ቦታውን ሳታረጋግጥ ምንም አይግባ። ሁለተኛው መደፈን ነው። በየ4 ሰዓቱ፣ ከመድኃኒት በፊትና በኋላም በ30 ሚሊ ሊትር ውሃ ይታጠብ። ሦስተኛው ከቤት አጥሚት ወይም ጁስ አምጥቶ በቱቦው መስጠት ነው፤ ፍቅር ነው፣ ግን ቱቦውን ይደፍናል፣ ተህዋስም ይዞ ይገባል። በዱቄት የተበጠበጠ የቱቦ ምግብም ቢሆን ተሰቅሎ ከ4 ሰዓት በላይ አይቆይ።

በአፏ መዋጥ እስከቻለች ድረስ ግን ትንሽም ቢሆን ትቅመስ። መጎምጠሚያዋ በ1 ሊትር የፈላና የበረደ ውሃ ውስጥ 1 የሻይ ማንኪያ ጨውና 1 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ነው፤ በየቀኑ አዲስ ይሠራ፣ በየ2 እስከ 4 ሰዓት ትጎምጠምጥ፣ አትዋጠው። የሕመም ማስታገሻዋ ከምግብ 30 ደቂቃ በፊት ይሰጣት። ምግቡ ለብ ያለ ወይም ቀዝቃዛ፣ ልስልስ ያለ ይሁን። በርበሬ፣ ሎሚ፣ ቲማቲም፣ ቆሎ፣ የዳቦ ቅርፊትና ትኩስ ቡና ቁስሉን ያቃጥሉታል።

ይህን አጥሚት ይሞክሩላት፦ 3 የሾርባ ማንኪያ የአጃ ዱቄት በ1 ኩባያ ፓስቸራይዝድ ወተት በጥብጠው እያማሰሉ 10 ደቂቃ ያፍሉ። 2 የሾርባ ማንኪያ የወተት ዱቄት፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ንጹሕ የተነጠረ ቅቤና 1 የሾርባ ማንኪያ ስኳር ጨምረው አንድ ጊዜ መልሰው ያንተክትኩት፤ ከዚያ በወንፊት ያጥልሉ። አንዷ ኩባያ ከ400 ካሎሪ በላይ ትይዛለች። ሆዷ ከላላ ላክቶስ በሌለው ወተት ይሥሩላት። አዲሱ ሕዋስ ሥራ ሲጀምር ቁስሉ በቀናት ውስጥ ይሽራል። ጣዕሟ ግን ለ2 ወይም 3 ወር ሊዘበራረቅ ይችላል፤ ሥጋው ብረት ብረት ካላት ለጊዜው በእንቁላልና በምስር ይተኩላት እንጂ አታስገድዷት።

«እናቴ ከንቅለ ተከላ ወጥታ ቤት ናት። ደሟ እንዲሞላ ጠያቂዎቿ ቀይ ሥር፣ ጥሬ ጉበት፣ ማር ከጥቁር አዝሙድ ጋር፣ ፌጦ ይዘው ይመጣሉ። እኔ ደግሞ የአይረን ሽሮፕ ገዛሁላት። ጥሩ አደረግኩ?» — ከሜሪላንድ

ሽሮፑን አይስጧት። ይህን አጥብቀን የምንለው በሒሳብ ነው። አንድ ከረጢት ደም ከ200 እስከ 250 ሚሊ ግራም ብረት ይዞ ይገባል። ሰውነት ደግሞ በቀን የሚያስወጣው ከ1 እስከ 2 ሚሊ ግራም ብቻ ነው። እናትዎ በሕክምናዋ ወቅት 10 ከረጢት ደም ወስዳ ከሆነ ከ2,000 ሚሊ ግራም በላይ ትርፍ ብረት ጉበቷና ልቧ ውስጥ ተቀምጧል። ደሟ ያነሰው ብረት አጥታ አይደለም። አዲሱ መቅኔ ገና ስላልበረታ ነው፤ እርሱን የሚያፋጥን ምግብ የለም። የተከማቸ ብረትን የሚያሳየው ፌሪቲን የሚባለው ምርመራ ታይቶ ሐኪም ካላዘዘ አይረን አይሰጥም፤ ብረትን የበለጠ የሚያስገባው ብዙ ቫይታሚን ሲ ያለበት ኪኒንም እንደዚያው። ጤፍ ብረት አለው ብላችሁ እንጀራ አትከልክሏት፤ በምግብ የሚገባው ጥቂት ነው።

ቀይ ሥር ተቀቅሎ ይበላ፣ ምንም አይደለም። ጥሬ ጉበት በፍጹም አይሆንም። ማሩም ሕክምና ያላለፈ ጥሬ ማር ከሆነ ይቆይ። ፌጦ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ዳማከሴና ጤና አዳም በጥሬው ወይም ተዘፍዝፈው ሲሰጡ ሁለት ችግር አለባቸው፦ ከሜዳና ከገበያ ሻጋታ ይዘው ይመጣሉ፤ አንዳንድ ዕፅ ደግሞ መድኃኒቶቿን የሚያብላላውን የጉበት ሥራ ያዛባል። ወጥ ውስጥ የበሰለ ነጭ ሽንኩርትና የፈላ የዝንጅብል ሻይ ይፈቀዳል። የጠያቂዎቿ ፍቅር ባዶ እጁን እንዳይመለስ ምን ይዘው እንደሚመጡ ይንገሯቸው፦ ያልተከፈተ የታሸገ ወተት፣ እንቁላል፣ ሙዝ፣ ምስር።

«አክስቴ ከለጋሽ ስቴም ሴል ከተቀበለች 5ኛ ወሯ ነው፤ የለጋሹ ሕዋስ አካሏን እንዳያጠቃ ታክሮሊመስ የሚባል መድኃኒት ትወስዳለች። ሁዳዴን ካልጾምኩ ብላ አስቸግራናለች።» — ከደሴ

ውሳኔው የእርሷና የንስሐ አባቷ ነው። ቤተ ክርስቲያን ሕመምተኛን እንድትጾም አታስገድድም፤ ይህን ግን ከእናንተ አፍ ሳይሆን ከንስሐ አባቷ አፍ ብትሰማው ልቧ ያርፋል። ቤት ጠርታችሁ ሁኔታዋን ለካህኑ በግልጽ አስረዱላቸው።

እኛ የምንለው ጾሙ ሁለት ነገር እንዳለው ነው። ከምግብና ከውሃ ተከልክሎ ሰዓት መቆየቱ ለእርሷ አይሆንም። ታክሮሊመስ በየ12 ሰዓቱ፣ ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሁኔታ፣ ወይ ከምግብ ጋር ወይ ያለ ምግብ መወሰድ አለበት። መድኃኒቱ በራሱ ኩላሊትን ይጫናል፤ ላዩ ላይ የውሃ እጥረት ሲጨመር ኩላሊቷ ይጎዳል። የፍስክ ምግብ መተው ግን በጥንቃቄ ከተሠራ ይቻላል። ምስር፣ አተር፣ ሽሮ፣ አኩሪ አተርና የለውዝ ቅቤ በቀን 6 ጊዜ ተከፋፍለው ቢቀርቡ ፕሮቲኑ ሊሞላ ይችላል። 55 ቀን ጎመንና ድንች ብቻ ከሆነ አይሞላም። ዓሣ የምትቀበል ከሆነ እስኪፈረፈር ይብሰልላት። ተልባ ፍትፍትና ሱፍ ፍትፍት የሚበጠበጡት በጥሬ ውሃ ስለሆነ ውሃው የፈላ፣ ፍሬው አዲስ የተቆላ መሆን አለበት። የቲማቲም ፍትፍትና ስንግ ቃሪያ ይቅሩባት።

ታክሮሊመስ በደም ውስጥ ፖታሲየምን ከፍ ያደርጋል፤ ጥራጥሬ፣ ድንችና አቮካዶ ደግሞ ፖታሲየም አላቸው። ጾሙን ከጀመረች በሳምንት ውስጥ ደሟ ይታይ። «ለጤና» ተብሎ የሚሸጠው ሶዲየም የሌለው ጨው ብዙውን ጊዜ ፖታሲየም ነው፤ አትጠቀምበት። ረመዳንን በሚመለከትም የጻፋችሁልን አላችሁ። ንጋት እስከ ጀምበር ያለ ውሃ መቆየት በዚህ ሁኔታ ላይ ላለ ሰው አይመከርም፤ ለታመመ ሰው ሃይማኖቱ ራሱ ፈቃድ ይሰጣል።

«ግሬፕፍሩት ከልክለውኛል። ፖሜሎና ፖሜሊትስ? ጠዋት መድኃኒቴን፣ ማታ ፍሬውን ባደርግ?» — ከአሽዶድ

ሦስቱም አይሆኑም፤ መራራው ብርቱካንም እንዲሁ። ፍሬዎቹ ታክሮሊመስንና እንደ እርሱ በሽታ መከላከያን የሚያዳክሙትን ሳይክሎስፖሪንንና ሲሮሊመስን በአንጀት ግድግዳ ላይ የሚያብላላውን ኢንዛይም ያሰናክላሉ፤ ኢንዛይሙ እስኪተካ እስከ 3 ቀን ሊወስድ ስለሚችል ሰዓት መለያየት አይጠቅምም። መድኃኒቱ ደም ውስጥ ሲከማች እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ኩላሊት ይጎዳል። የተለመደው ብርቱካን፣ መንደሪንና ሎሚ ይፈቀዳሉ። የተቀላቀለ ጁስ ሲገዙ ጽሑፉን ያንብቡ።

«ወንድሜ ከለጋሽ ተቀብሎ 60ኛ ቀኑ ነው። ከትናንት በስቲያ ጀምሮ አረንጓዴ ውሃ የመሰለ ተቅማጥ በቀን 6 ጊዜ ይዞታል። የምግብ መመረዝ ነው ብለን ተልባ እየሰጠነው ነው።» — ከአዳማ

ይህን ደብዳቤ እንዳገኘን በቀጥታ ወደ ሐኪሙ እንዲሄዱ መልሰናል። እዚህ የምናትመው ለሌሎች ነው።

በዚህ ወቅት ተቅማጥ በግምት አይታከምም። የለጋሹ ሕዋስ የተቀባዩን አንጀት ሲያጠቃ እንዲህ ያደርጋል፤ ጂቪኤችዲ ይባላል። ሲኤምቪ የተባለው ቫይረስ፣ ክሎስትሪዲየም ዲፊሲል የተባለው ባክቴሪያ፣ ማይኮፌኖሌት የተባለው መድኃኒት፣ የማግኒዚየም ኪኒን እንኳ ያስቀምጣሉ። የእያንዳንዱ መድኃኒት ይለያያል፤ የአንዱ ለሌላው ጉዳት ነው። ተቅማጥ የሚያቆም ኪኒን ከፋርማሲ ገዝታችሁ አትስጡት፤ ባክቴሪያው ከሆነ መርዙን ሆድ ውስጥ ያስቀረዋል።

መስፈሪያ ያለበት ዕቃ ያዙና ለኩት። በቀን 500 ሚሊ ሊትር ካለፈ፣ ደም ካለው፣ ሆዱን ከቆረጠው፣ መዳፉ ላይ ሽፍታ ከወጣ ወይም ዓይኑ ቢጫ ከሆነ በዚያው ቀን ይታይ። ሐኪሙን የሚረዳው «ብዙ ነው» የሚለው ቃል ሳይሆን ቁጥሩ ነው።

ተልባውን አቁሙ፤ ቃጫው የቆሰለ አንጀትን ያባብሳል። ለምለም ስጡት፤ አንዱ ከረጢት ለ1 ሊትር የፈላና የበረደ ውሃ ነው። በግማሽ ሊትር ከተበጠበጠ ይወፍርና ተቅማጡን ያብሳል። ከሌለ በ1 ሊትር 6 ልክ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው።

ጂቪኤችዲ መሆኑ ከታወቀ ምግቡ በደረጃ ይመለሳል። ሐኪሙ በደም ሥር እየመገበ ሆዱን ጥቂት ቀን ሊያሳርፈው ይችላል። ከዚያ በየ2 እስከ 3 ሰዓት 60 ሚሊ ሊትር ያህል ቀጭን ፈሳሽ ይቀጥላል። ተቅማጡ ሲቀንስ ነጭ ሩዝ፣ የተቀቀለ ድንች፣ ነጭ ዳቦ፣ ቆዳው የወጣ የተቀቀለ ዶሮ ይገባል። ወተት፣ ቅባት፣ ጥራጥሬ፣ በርበሬና ቡና መጨረሻ ላይ ነው የሚመለሱት። የጤፍ እንጀራም ቃጫ ስላለው ተራውን ይጠብቃል። በቀን አንድ አዲስ ነገር ብቻ ይጨመር። ሆዱ ከላላ ጥፋተኛውን ታውቁታላችሁ፤ ያን ትታችሁ አንድ ደረጃ ትመለሳላችሁ። ሦስት ነገር ባንዴ የጨመረ ቤተሰብ የትኛው እንደጎዳው ሳያውቅ ሁሉንም ይከለክላል፤ ታማሚው የሚከሳው እዚያ ላይ ነው።

«አባቴ ፕሬድኒሶሎን የተባለ ስቴሮይድ መድኃኒት ይወስዳል። ፊቱ ሞልቷል፣ 4 ኪሎ ጨምሯል፤ ግን ከወንበር ሲነሳ እጄን ይይዛል።» — ከሐዋሳ

ሚዛኑ እያታለላችሁ ነው። መድኃኒቱ ፊትና ሆድ ላይ ስብና ውሃ ሲያከማች የጭንና የትከሻ ጡንቻን ይበላል። ከወንበር ያለ እጅ እርዳታ መነሳት አለመቻሉ ከሚዛኑ የበለጠ ይናገራልና ለሐኪሙ ይንገሩ። በየማዕዱ ፕሮቲን ይኑር፦ እንቁላል፣ ሥጋ፣ ወተት ወይም ምስር። ከወንበር መነሳትና መቀመጥን በቀን ጥቂት ጊዜ ይለማመድ፤ ያለ እንቅስቃሴ ፕሮቲኑ ጡንቻ አይሆንም። ለስላሳ መጠጥ፣ ጁስና ማር ይቀነሱ፣ ስኳሩም ይለካ። አጥንቱም ስለሚሳሳ ካልሲየም ወደ 1,200 ሚሊ ግራም ያስፈልገዋል፤ 1 ኩባያ ወተት 300 ያህል አለው። ቫይታሚን ዲ ሐኪሙ ይዘዝለት።

«ወንድሜ ከራሱ ስቴም ሴል ከተሰጠው ለፋሲካ 70ኛ ቀኑ ይሆናል። ዶሮ ወጥና ክትፎ ይብላ? ቤቱ በእንግዳ ይሞላል።» — ከጎንደር

ዶሮ ወጥ ይብላ። እንደ ዶሮ ወጥ ረጅም ሰዓት የሚበስል ምግብ ጥቂት ነው። እንቁላሉ አስኳሉ እስኪጠነክር 12 ደቂቃ ይቀቀል። ሆዱ ገና ካልጠነከረ ቁሌቱን ቀንሱለት። ክትፎ ግን ልብልቡም አይሆንም። ሙሉ ሥጋ ላይ ተህዋሱ ያለው ላይ ላዩን ነው፤ ሲከተፍ ከላይ የነበረው ውስጥ ይገባል። መሐሉ 74 ዲግሪ ደርሶ ምንም ቀይ ሳይቀር ከበሰለ ይብላው። ዓይቡ ፓስቸራይዝድ ከሆነ ወተት ካልወጣ ይቅርበት፤ ጠላና ጠጅም እንዲሁ። ከራሱ ለተቀበለ ሰው እንዲህ ያለው ጥንቃቄ ብዙ ጊዜ 3 ወር ያህል ነው። ከለጋሽ የተቀበለ ግን በሽታ መከላከያውን የሚያዳክመውን መድኃኒት እስኪያቆም፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይቆያል።

ቡናው በፈላ ውሃ ስለሆነ ይጠጣ። ቄጤማው ግን ከአፈር ሻጋታ ይዞ ስለሚመጣ በዚህ ዓመት አይጎዝጎዝ። ጉርሻም ይቅር፤ አክስት ብትቀየምም በጊዜው ይነገራት። ድስቱ ከወረደ በኋላ ወጡ እየተጨለፈ እየተመለሰ ከ2 ሰዓት በላይ ስለሚቆይ፣ ለእርሱ ከእሳት እንደወረደ አስቀድማችሁ በራሱ ሳህን አውጡለት፤ ሌላው እንግዳ ከዚያ በኋላ ይቅረብ።